አጋዘን፣ ኤልክ ወይስ ባይሰን? የዱር ሥጋን ለየትኛው ወጥ እንምረጥ

ጥቅምት ሲገባ ኮሎራዶ ውስጥ የአደን ወቅት ይደምቃል። በዚያ ሰሞን ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ ይዞ በር ያንኳኳል። ፍሪዘሩ ሞልቶበታል፤ ለእናንተም ማካፈል ፈልጓል። ወረቀቱ ላይ በወፍራም ብዕር «ኤልክ» ወይም «ዲር» ተብሎ ተጽፏል። አመስግናችሁ ትቀበላላችሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ቆማችሁ «አሁን ይሄን ምን ላድርገው?» ማለት ይመጣል።

ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ እኔም ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። አሁን አሁን ጓደኞቼ እየደወሉ ይጠይቁኛል። ሁሉም የሚጀምሩት «የቱ ሥጋ ይሻላል?» ብለው ነው። እኔም መልሼ «ምን ልትሠሩበት አሰባችሁ?» እላለሁ። ለቀይ ወጥ ግሩም የሆነ ሥጋ ጥብስ ላይ ጎማ ይሆናል። ለጥብስ የሚመች ሥጋ ደግሞ ሦስት ሰዓት ድስት ውስጥ ቢቆይ ይደርቃል። ስለዚህ ምርጫው ከእንስሳው ስም ሳይሆን ከምግቡ ቢጀምር ይሻላል።

አንድ ነገር ላስቀድም። አጋዘን የምለው እዚህ አገር «ዲር» የሚባለውን ነው። ኤልክ የእሱ ትልቅ ዘመድ ነው፤ ባይሰን ደግሞ የከብት ዘመድ ነው። የእኛ የባሌ ተራሮች የደጋ አጋዘን ሌላ እንስሳ ነው፤ የትም አገር የሌለ የኢትዮጵያ ብቻ ሀብት ነው፤ ስሙም ከድስት ጋር አይነሳ።

ስቡን ሳትለዩ ምንም አትጀምሩ

የመጀመሪያውን የአጋዘን ጥብስ የሠራሁት እንደ በግ ሥጋ ቆጥሬው ነው። ከነስቡ ከትፌ ምጣድ ላይ ጣልኩት። ትኩስ እያለ ደህና ነበር። ሳህኑ ሲቀዘቅዝ ግን ስቡ እንደ ጧፍ ሰም ነጭ ሆኖ ረጋ። ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ሻይ ቢጠጡበትም አይለቅም። እንግዶቼ እንጀራውን በልተው ሥጋውን ወደ ዳር ገፋ ገፋ አደረጉት። ያን ቀን በጣም አዘንኩ፤ ሰውየው ሌሊት ተነስቶ፣ ተራራ ወጥቶ ያመጣው ሥጋ ነበርና።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። የአጋዘንና የኤልክ ስብ ከበሬ ስብ ይልቅ ቶሎ ይረጋል። አፍ ውስጥ ሳይቀር ይጠጥራል። ሰዎች «የዱር ሽታ» የሚሉትም በአብዛኛው እዚያ ስብ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ አጋዘንም ሆነ ኤልክ እጃችሁ ሲገባ ቀጭንና ስለታም ቢላ ያዙ። ስቡን ሁሉ አውጡ። ከዚያ ሥጋው ላይ የተለጠፈውን የሚያብለጨልጭ ነጭ ስስ ሽፋን ግፈፉ። ከጫፉ በትንሹ አንሱና በአንድ እጅ ወጥራችሁ ያዙት፤ ቢላውን ከሥሩ አስገብታችሁ ስለቱን ወደ ሽፋኑ አዘንብሉ። እንደ ቴፕ ተላቆ ይመጣል። ይህ ሽፋን ለጥብስ ከቀረ ሥጋውን ያኮማትረዋል፤ ቢያኝኩት ቢያኝኩት አያልቅም።

ስቡ ሲወጣ ሥጋው ጥርት ያለ ቀይ ሆኖ ይቀራል። አሁን ሌላ ስብ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የእኛ ወጥ ቤት ትልቅ ብልጫ አለው ብዬ አምናለሁ። ንጥር ቅቤ አለን። በሽንኩርት ብዛት የሚሠራ ቁሌት አለን። ኮረሪማና ኮሰረት አለን። ደረቅ ሥጋን ማለስለስ አያቶቻችን ድሮ የጨረሱት ሥራ ነው። ብዙ ሰው ሽታውን ለማጥፋት ሥጋውን ወተት ውስጥ ሲያሳድር አይቻለሁ። እኔ አላደርገውም። ስቡ በደንብ ከወጣ አያስፈልግም፤ ሥጋውንም ያልፈሰፍሰዋል።

ባይሰን ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። የከብት ዘመድ ስለሆነ ስቡም ለበሬ ስብ የቀረበ ነው። ትንሽ ስለሆነ እንዲያውም አትጣሉት።

ሦስቱ ሥጋዎች ጎን ለጎን

አጋዘን ከሦስቱ ትንሹ ነው። ሥጋው ጠቆር ይላል፣ ጣዕሙም ጠንከር ይላል። የበላው ሣርና ቅጠል፣ ከተገደለ በኋላም ምን ያህል ቶሎ እንደቀዘቀዘ ጣዕሙ ላይ ይታወቃል። ጡንቻዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ረጅም ዝልዝል አይወጣቸውም። በርበሬን ግን ይችላል። ሌላ ሥጋ በርበሬ ሲበዛበት ጣዕሙ ይጠፋል፤ አጋዘን ራሱን አይደብቅም።

ኤልክ ትልቅ ነው። ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጣዕሙ ለስለስ ያለ ነው፤ ለበሬ ይቀርባል። ሳይነገረው የበላ ሰው «ጥሩ የበሬ ሥጋ ነው» ብሎ ሊነሳ ይችላል። አንድ ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ የሚቀምሰው የዱር ሥጋ የቱ ይሁን ብትሉኝ ያለማመንታት ኤልክ እላለሁ።

ባይሰን እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ አጥቢ እንስሳ ተብሎ ታውጇል። ብዙዎቻችን ጎሽ እያልን እንጠራዋለን። ሱቅ ውስጥ የምታገኙት በእርባታ ያደገ ነው፣ ከበሬም ይወደዳል። ትከሻው ላይ ትልቅ ጉብታ ስላለው ሰው «ሻኛው እንዴት ይጣፍጥ ይሆን!» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። የበሬያችን ሻኛ ጮማ ነው፤ የባይሰን ጉብታ ግን ከጀርባ አጥንቱ በተነሱ ረጃጅም አጥንቶች ላይ የተያያዘ ጡንቻ ነው። ከባድ ጭንቅላቱን የሚሸከምበት፣ በረዶም የሚጠርግበት ነው። ስለዚህ ቁርጥ አድርጎ ለመጥበስ አይሆንም። ለረጅም ሰዓት ቢቀቀል ግን ድንቅ ነው።

የማግኛው መንገድም ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ታድኖ የተገኘ የዱር ሥጋ መሸጥ ሕገ ወጥ ነው። ስለዚህ በአደን የተገኘ ኤልክና አጋዘን ወይ በስጦታ ይመጣል፣ ወይ ራሳችሁ ፈቃድ አውጥታችሁ ታድናላችሁ። ሱቅ ውስጥ «ቬኒሰን» ተብሎ የሚሸጠው የእርባታ ነው፤ ብዙው ከኒው ዚላንድ ይመጣል። እሱ ለስላሳ ነው። ከጎረቤት የመጣው የዱር አጋዘን ግን ጣዕሙ ይበረታል፤ በሱቁ ልክ ቅመም ከሠራችሁበት ያንስባችኋል።

ለጥብስ፦ ኤልክ

ለጥብስ ቁጥር አንድ ኤልክ ነው፤ ባይሰን ይከተላል፤ አጋዘን መጨረሻ ነው። ከኤልክ ጭቅናውን ወይም ከጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ የሚወጣውን ረጅም ሥጋ ተጠቀሙ። ታፋውም ይሆናል፣ ግን ክሩን አቋርጣችሁ ቁረጡ።

ትልቁ ስህተት ረጅም ሰዓት ማብሰል ነው። የበሬ ጥብስ ላይ ስቡ ሥጋውን እያለሰለሰው ይቆያል። እዚህ ስብ የለም። ሥጋውን በፎጣ አድርቁ። ብረት ምጣዱ በደንብ ይጋል። በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ አንዴ ከሞላችሁት ውኃ አውጥቶ ይቀቀላል። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን አውጡት። ከዚያ በዚያው ምጣድ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ የጥብስ ቅጠሉንና ሁለት ማንኪያ ንጥር ቅቤ አብስሉ። ሥጋውን መጨረሻ ላይ መልሱና አንዴ ብቻ አገላብጡት።

የሥጋ ቴርሞሜትር ግዙ። ይህን የምለው ለፋሽን አይደለም። የዱር ሥጋ በተፈጥሮው ጥቁር ቀይ ስለሆነ ዓይን ያታልላል፤ የበሰለው ጥሬ ይመስላል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለአጋዘንና ለኤልክ ሙሉ ሥጋም ቢሆን የሚመክረው 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ 63 ዲግሪ፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ማሳረፍ የሚለው ለበሬና ለባይሰን ሙሉ ሥጋ ነው። ቁራጩን ትንሽ ተለቅ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ለመለካትም ይመቻል።

ለቀይ ወጥ፦ አጋዘን

እዚህ ደረጃው ይገለበጣል። አጋዘን አንደኛ ነው። በተለይ ወርቹ። ወርች ብዙ የሚሠራ እግር ስለሆነ በጅማትና በስስ ሽፋን የተሞላ ነው። ለጥብስ የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ድስት ውስጥ ግን ያ ሁሉ ቀስ ብሎ ይቀልጥና መረቁን ያወፍረዋል። ስለዚህ ለወጥ ስቡን ብቻ አውጡ፤ ሥጋው ውስጥ ያለውን ቀጭን ጅማት ተዉት።

እኔ ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ኪሎ ከሩብ ቀይ ሽንኩርት እጠቀማለሁ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ተቁላልቶ ቡናማ እስኪሆን አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚያ ቅቤና በርበሬ። በርበሬው በትንሽ በትንሹ ውኃ እየተደረገለት ሽታው እስኪለወጥ ይብሰል። ሥጋው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እሳቱ ዝቅ ይበል። ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት አትፍረዱበት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብትቀምሱት ድርቅ ያለ ይመስላችኋል፣ ተስፋም ያስቆርጣል። ግማሽ ሰዓት ጨምሩለት፣ ሌላ ግማሽ ሰዓትም። በማንኪያ ጫፍ ሲነካ ክር ክር ብሎ መለያየት አለበት። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች ውኃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ዝቅ ካለ ከተማ የመጣ ሰው ሰዓቱን ይጨምር። አዲስ አበባ ያበሰለ ሰው ግን ይህን በልምድ ያውቀዋል።

የባይሰን ጉብታም በዚሁ መንገድ ግሩም አልጫ ይወጣዋል። ኤልክን ለወጥ ማዋል ይቻላል፣ ግን ወርቹንና ቅልጥሙን ብቻ። ታፋውን ለወጥ ማድረግ ያሳዝነኛል።

የወቅቱን ነገር ላንሳ። አደኑ የሚበዛው በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ ነው። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ሥጋው ገና ሳይቀመስ ጾሙ ይደርሳል። እኛ ቤት የጎረቤታችን ስጦታ ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ በነበረበት ዓመት የገና ቀይ ወጣችን የአጋዘን ነበር። ድስቱን ከፍታ አሸተተችና «ይሄ የቆላ ፍየል ነው» አለች። ምንነቱን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ቅቤውን አልሰሰታችሁለትም» አለችኝ። ሁለተኛ ጊዜ አስጨምራ በላች።

ክትፎን በተመለከተ

ክትፎ የሚፈልገው ጮማ የሌለው፣ ጅማት የሌለው ቀይ ሥጋ ነው። የኤልክ ታፋ ልክ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ፈተናው ከሁሉም እዚህ ይበረታል። ጥሬውን ወይም ለብ ለብ አድርጋችሁ አትብሉት ብዬ እለምናችኋለሁ።

አገር ቤት ጠዋት የታረደ በሬ ቀትር ላይ መብላት ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው። ይህ ሥጋ ግን ጫካ ውስጥ በጥይት የተመታ ነው። ጥይቱ አንጀት ነክቶ ሊሆን ይችላል። ሰዓታት ተጎትቶ፣ በመኪና ተጭኖ ነው የመጣው። አጋዘን ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ቶክሶፕላዝማም ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ደግሞ ለነፍሰ ጡር በጣም አስጊ ነው። «ፍሪዘር ውስጥ ስለነበረ ሞቷል» የሚል ሰው አትስሙ። ማቀዝቀዝ ለባክቴሪያ መድኃኒት አይደለም። የሱቁ የተፈጨ ባይሰንም ነፃ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከእሱ ጋር የተያያዘ የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ብዙ ሰው አሳምሟል።

የበሰለ ክትፎ ግን ከኤልክ በጣም ይጣፍጣል። ለአንድ ኪሎ ሥጋ 200 ግራም ያህል ንጥር ቅቤ ከሚጥሚጣና ከኮረሪማ ጋር አሙቁ። የተከተፈውን ሥጋ ጨምሩና ሳታቋርጡ አማስሉ። ለተፈጨ ወይም ለተከተፈ ሥጋ የሚፈለገው ሙቀት 71 ዲግሪ ነው። እዚያ ሲደርስ ወዲያው አውርዱና አንድ ማንኪያ ቅቤ ከላይ ጨምሩ። ይህ ካላጠገባችሁ ምንቸት አብሽ ሥሩ። የተፈጨ የዱር ሥጋ እጃችሁ ገብቶ ግራ ከተጋባችሁ ምንቸት አብሽ አያሳፍራችሁም። አጋዘንም፣ ኤልክም፣ ባይሰንም ይሆናሉ።

ለቋንጣ

አጋዘን። ስቡ አንዴ ከወጣ ሲቀመጥ አይሸትም። ግን እንደ አገር ቤት ገመድ ላይ ሰቅሎ መተው ለዚህ ሥጋ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1995 ኦሪገን ውስጥ ሰዎች ቤት በተሠራ የአጋዘን ቋንጣ ምክንያት በኢ. ኮላይ ታመዋል። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያላቸው ዝልዝሎች አውጡ፤ በጨውና በበርበሬ እሹ፤ በማድረቂያ በ60 ዲግሪ አድርቁ። ከደረቀ በኋላ 135 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆዩት። ለፍርፍር ስታውሉት ልዩነቱ አይታወቅም።

ሌሎቹን ባጭሩ

ፌዛንት የምትባለው የዱር ወፍ በምሥራቅ ኮሎራዶ ሜዳ ትታደናለች። ለዶሮ ወጥ ትሆናለች፣ ሁለት ያስፈልጋችኋል። እግሯ ጅማት ብቻ ነው፣ ፈረሰኛዋ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። እግሩን ቀድማችሁ አስገቡ፣ ፈረሰኛውን መጨረሻው ሩብ ሰዓት ላይ። የወፍ ሥጋ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። በሎሚና በጨው ስታጥቡ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ የብረት ፍንጣሪዎቹን ልቀሙ፤ ጥርስ ይሰብራሉ።

የዱር አሳማና ጥንቸል አብዛኛው አበሻ ቤት ስለማይገቡ እዚህ አላወዳድራቸውም።

የሃይማኖቱ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ይነሳል። ዋላና ሚዳቋ ኦሪት ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት ተቆጥረዋል። አጋዘን፣ ኤልክና ባይሰን ሰኮናቸው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኩ ናቸው። ጥያቄው አሟሟቱ ላይ ነው፤ በጥይት ነው እንጂ በስመ ሥላሴ ተባርኮ አልታረደም። ይህን ለንስሐ አባታችሁ አቅርቡ። ሙስሊም ወገኖቻችንም አዳኙ ማን እንደሆነና ሲተኩስ ቢስሚላህ መባሉን ይጠይቃሉ። እንግዳ ከጠራችሁ ሥጋው ምን እንደሆነ ገበታው ከመቅረቡ በፊት ንገሩ።

ከመቀበላችሁ በፊት የምትጠይቁት

አጋዘንና ኤልክን ሲደብሊውዲ የሚባል፣ አንጎልን የሚጎዳ ገዳይ በሽታ ሊይዛቸው ይችላል። መጀመሪያ የታየው እዚሁ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ወደ ሰው መተላለፉ የተረጋገጠበት ጊዜ የለም። ሆኖም የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ በሽታው ካለበት አካባቢ የመጣ እንስሳ እንዲመረመር፣ ከተገኘበትም እንዳይበላ ይመክራል። እሳት አያጠፋውም፤ ሦስት ሰዓት የተቀቀለ ወጥም አያድንም። ባይሰን የአጋዘን ወገን ስላልሆነ ይህ ሥጋት የለበትም። ልጆች ላሉበት ቤት ይህ አንዱ የባይሰን ትልቅ ብልጫ ነው።

ስለዚህ ሥጋ ሲሰጣችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። «ተመርምሯል?» በሉ። ኮሎራዶ ውስጥ አዳኞች ጭንቅላቱን ለክልሉ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት እየሰጡ ያስመረምራሉ፤ ጥያቄው አይገርማቸውም። «ከአጥንቱ ተለይቷል ወይስ አከርካሪው በመጋዝ ተቆርጧል?» በሉ። አንጎል፣ ዓይን፣ የአከርካሪ መቅኔ፣ ጣፊያና እጢ አይነኩም፤ ስለዚህ ከዱር አጋዘን ዱለትና የአከርካሪ ቅቅል አይሠራም።

«ጥይቱ እርሳስ ነው ወይስ መዳብ?» በሉ። የእርሳስ ጥይት ሥጋ ውስጥ ገብቶ በዓይን በማይታይ ብናኝ ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ለተቸገሩ ሊታደል የነበረ የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ በዚህ ምክንያት እንዲጣል ተደርጓል። እርሳስ ከሆነ የተፈጨውን ለልጆች አትስጡ፤ ከቁስሉ ራቅ ያለ ሙሉ ሥጋ ውሰዱ።

የምርመራው ውጤት ገና ካልመጣም ሥጋውን አትመልሱ። ጥቅሉ ላይ የአዳኙን ስምና ቀኑን በአማርኛ ጻፉበት፤ ፍሪዘሩ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ለብቻው አስቀምጡት፤ ስልኩ እስኪደወል ሌላው የቤት ሰው እንዳያወጣው ንገሩ።